ብስክሌቱ ከተሰቀለ ተኝቷል

ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከዚህ ብጀምር ይሻለኛል። ከሌላ ቦታ ልጀምር እያልኩ ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ወንድሜ ጌታቸው ከሞተ ዓመት አልፎታል። እንዴት ሞተ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «ደቻቱ ወሰደው» ብዬ አልፋለሁ። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ለማያውቅ ግን ልንገር፤ ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰውም ግመልም ይሻገርበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ሳይታሰብ ይመጣል።

«ደቻቱ ወሰደው» ማለት ውሸት አይደለም። ግን ሙሉውን አይናገርም። የቀረው ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱን ነው የምጽፈው።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባታችን በልጅነታችን አርፏል። እናታችን፣ ጌታቸውና እኔ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እሱ ባቡር መጠገኛው ውስጥ ብረት ሠራተኛ ነበር፤ የሌሊት ተረኛ። ማታ ሄዶ ጠዋት ይመለሳል፣ ቀን ይተኛል። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ ጋሽዬ ነበር የምለው።

ብስክሌት ድሬዳዋ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ጠዋት የሥራ መግቢያ ሲደርስ የከዚራ መንገድ በብስክሌት ይሞላል። የጋሽዬ አያያዝ ግን ሌላ ነበር። ሰው ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ ዛፍ አስደግፎ ይገባል፤ የኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ጎማ ይሰነጥቃል። ቤት ውስጥ እንዳያቆመው ቦታ የለም፤ ወለሉ ላይ የኔ ፍራሽ ይዘረጋል። ስለዚህ አንድ እሑድ ግድግዳውን በስቶ ወፍራም ጣውላ በቡሎን አሠረ። ጣውላው ላይ ራሱ ያጠፋቸውን ሁለት የብረት መንጠቆዎች ተከለ፤ የብስክሌቱን ቀለም እንዳይልጡት በአሮጌ ጎማ ጠቀለላቸው። ከሥር ምስማሮች መታ። አንዱ ለጎማ መንፊያው ነው፣ አንዱ ለመብራቱ፣ አንዱ ለመፍቻው፤ አንዱ ደግሞ ሱሪው ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ለሚያስርበት ቆዳ። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ በየምስማሩ ሰቅሎ ዙሪያውን በእርሳስ ከበበው። ዕቃው ሲነሣ ቅርጹ ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት።

«የጎደለውን ግድግዳው ራሱ ይነግረኛል» አለ። ቀጥሎ ፍራሼን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «አየህ፣ እሱ ሳይማር ካንተ ከፍ ብሎ ይተኛል» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግድግዳውን ነው የሚያየው። ብስክሌቱ ከሌለ ጋሽዬ ወጥቷል። ብስክሌቱ ከተሰቀለ ተኝቷል፤ ድምፅ አይሰማ። ይህን ሕግ ያወጣችው እናታችን ናት። ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያስገባው በር ላይ መጋረጃ አለ፤ እሱ በተኛበት ሰዓት ያንን መጋረጃ የሚነካ የለም። ቀን የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ስስ ነው ትላለች። እውነቱን ለመናገር ጋሽዬ አንዴ ከተኛ ባቡር አልጋው ሥር ቢያልፍ አይሰማም ነበር። ግን እናት ናት፣ ማን ይከራከራታል። ጎረቤታችን ሐሊማ እንኳ መውቀጥ ስትፈልግ መጀመሪያ በበራችን አንገቷን ታሰግጋለች። ብስክሌቱን ካየች ሙቀጫዋን ተሸክማ ወደ ጓሮ ትዞራለች።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። እናቴ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ እኔ እስከ እኩለ ቀን ትምህርት ነበረኝ። ስለዚህ ጋሽዬ ከሥራ ሲመለስ ቤት ማንም አልነበረም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትገባ ብስክሌቱ በቦታው ተሰቅሎ አገኘችው። ያስቀመጠችለትን ቁርስ አለመንካቱን አይታ፣ ደክሞት ሳይበላ ተኛ ብላ መልሳ ከደነችው።

እኔ ስደርስ በር ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተቀበለችኝ። ምሳዬን ደጃፍ ላይ በላሁ። ከዚያ እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጬ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና አልነበረም፤ በስተደቡብ ተራሮቹ ላይ ብቻ ጠቁሯል።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። የጭነት ባቡር የሚገባ መሰለኝ። ቀጥሎ ከወንዙ በኩል ሰው መጮህ ጀመረ። ሐሊማ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ግቢ ውስጥ እየሮጠች ገባች።

«ደቻቱ መጣ! ልጆቻችሁን ሰብስቡ!»

እናቴ ከውስጥ ወጣች። በሁለት እጇ ሐሊማን ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ልጁ ተኝቷል» አለቻት።

ሐሊማ ከእናቴ ትከሻ በላይ ወደ ቤት አየች። ብስክሌቱን አየችው። ወዲያው አፏን በመዳፏ ሸፈነችና «ይቅር በይኝ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ሦስታችንም ድምፅ ሳናሰማ ከግቢ ወጣን። እናቴ በሩን ስትዘጋ ማጠፊያው ሲጢጥ እንዳይል ወደ ላይ ያዝ አድርጋው እንደነበር አስታውሳለሁ።

ዳር ላይ ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ውሃው ቡናማ ነው፤ ውሃም አይመስል፣ መሬት ራሱ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላል። የተነቀለ ዛፍ አለፈ። ከነጭነቱ አንድ አህያ አለፈ። ሰው ስም እየጠራ በዳር ይሮጣል፤ አንዳንዱ የጠራውን አግኝቶ በደስታ በጥፊ ይመታዋል። እናቴ አንድ እጇን እኔ ትከሻ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ የኔዎቹ አንዱ እጄ ላይ ነው፣ አንዱ ቤት ነው» አለች። ልጃቸው ላልተገኘ ሴቶችም ታለቅስላቸው ነበር።

ከዚያ ተመለስን። ጋሽዬ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ በረድ ስትል ራሱ ይነቃል። ያን ቀን ሰዓቱ አለፈ። እናቴ ትንሽ ይተኛ አለች። እኔ እስክሪብቶዬ ቀለም ስለጨረሰ ሌላ ልፈልግ በባዶ እግሬ ገባሁ።

ለምን ቀና እንዳልኩ አላውቅም። በግድግዳው ላይ መፍቻው አለ፤ መብራቱ አለ፤ ቆዳው አለ። የመንፊያው ምስማር ባዶ ነው። በእርሳስ የተከበበው ቅርጽ ብቻውን ቀርቷል።

ጋሽዬ መንፊያውን ይዞ ሊተኛ አይችልም። የፊተኛውን ጎማ በጣቴ ጫን አልኩት። ገባ። ውስጡ ምንም የለም፤ የውስጥ ጎማው ወጥቶ ባዶው የውጭ ጎማ ነው ቸርኬው ላይ የተመለሰው። ከሩቅ ለሚያየው ምንም የጎደለው ነገር የለም።

መጋረጃውን ገለጥኩ። አልጋው እናቴ ማታ እንዳነጠፈችው ነበር።

ደጅ ወጣሁ። እናቴ ጎንበስ ብላ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ ጋሽዬ የለም።»

«ብስክሌቱ አለ አይደል እንዴ?»

«ብስክሌቱ አለ።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ተናገር» አለችኝ።

ይህን መልሷን ብዙ ሰው አያምነኝም። ግን እንደዚያ ነው ያለችው፤ ቀና እንኳ ሳትል። ከዚያ ፊቴን አየች። ምስሩ ከሰፌዱ ጋር መሬት ላይ ፈሰሰ።

ጎማው ሲበሳ ጋሽዬ የሚሄደው አብዲ ጋ ነው። አብዲ ወንዙን ተሻግሮ፣ መጋላ ሰፈር በኩል ዳር ላይ፣ ትንሽ የቆርቆሮ ደሳሳ ውስጥ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ሶማሊ ነው፤ ሰውን ሁሉ «ወላል» ይላል፣ ወንድሜ እንደማለት። ጋሽዬ ከሱ ሌላ ሰው ጎማውን አያስነካም። ስለዚህ ወደ አብዲ ትይዩ ሮጥን። እናቴ ጫማዋን አላደረገችም።

ውሃው ገና ሞልቶ ይወርዳል። በየትም በኩል መሻገር አይቻልም። ማዶ ያለው ሰው ትንሽ ትንሽ ሆኖ ይታያል። አብዲን በቀይ ጥምጥሙ ለየሁት። እሱም እኛን ለየን፤ ወዲያው እስከ ውሃው ጫፍ ወረደ። የሆነ ነገር ይጮሃል። ጎርፉ እየጮኸ የሚሰማ ነገር የለም። እኔም እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ «ጌታቸው!» እላለሁ፤ እሱም ጆሮውን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል።

በመጨረሻ ወደ ደሳሳው ሮጠና ተመለሰ። በአንድ እጁ መንፊያ፣ በሌላው የውስጥ ጎማ ይዟል። ሁለቱንም ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋቸው።

የጋሽዬ መንፊያ ነበር። እጀታው ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ ከማዶ አወቅሁት።

«አለ! እሱ ጋ ነው!» አልኩ።

እናቴ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሳቀችም አለቀሰችም። «ይምጣ ብቻ፤ ሳይናገሩ መውጣትን አሳየዋለሁ» አለች። እኔ ሁለት እጆቼን ዘርግቼ ዘለልኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ በደስታ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ጠቆምኩ፤ እሺ፣ ቤት እንጠብቀዋለን ማለቴ ነበር። አብዲ ዕቃዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። መዳፎቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ከዚያ ፊቱን ዳበሰባቸው። ተረጋግቶ ወደ ደሳሳው ሲመለስ አየሁት።

እኛም ተረጋግተን ተመለስን። እናቴ ቤት ስትደርስ የፈሰሰውን ምስር እየለቀመች ለሐሊማ ታወራላት ነበር፤ በልጇ እየቀለደች። ሚስት እስኪያገባ ድረስ ጎማ ያገባ ነው አለች። እሷ እንደዚያ ስትቀልድ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ደቻቱ ሲመጣ ድንገት እንደሆነ ሲሄድም ቶሎ ነው። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ውሃው እስከ ጉልበት ወረደ፤ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መሻገር ጀመሩ። እናቴ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ጠዋት ቁርስ አልበላም፣ ማታ ተረኛ ነው፣ እዚያው ይብላ አለች። እኔም ቋጠሮውን ራሴ ላይ አድርጌ ከሰዎቹ ጋር ተሻገርኩ።

አብዲ ደሳሳው ፊት ተቀምጦ የአንድ ልጅ ጎማ ይለጥፋል። ከራሱ በላይ ምስማር ላይ የጋሽዬ የውስጥ ጎማ ተሰቅሏል፤ መንፊያው ከጎኑ ቆሟል። ሲያየኝ ፈገግ አለ። ሁለታችንም እኩል ነው የተናገርነው።

«ወላል፣ ጌታቸው ነቃ?»

«አብዲ፣ ጋሽዬ የታለ?»

  አብዲ እጁ ላይ የነበረውን ጎማ ሳያስበው ያሻሸው ነበር። ልጁ እሱንም እኔንም እያየ ወደ ኋላ ሸሸ።

ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። ጋሽዬ ከሥራ ሲወጣ የፊት ጎማው ተበስቶበታል። በአሸዋው ላይ ብስክሌቱን እየገፋ ቢሄድ ቸርኬው ይጣመማል ብሎ ቤት አመጣው፤ የውስጥ ጎማውን አውጥቶ፣ የውጭ ጎማውን መልሶ፣ እንደልማዱ ሰቀለው። ወለሉ የኔ ቦታ ነው፤ ብስክሌት መሬት ላይ ትቶ አይሄድም። የአብዲ መንፊያ ሁልጊዜ ሰው እጅ ላይ ስለሚገኝ የራሱን ይዞ በእግሩ ተሻገረ። ቀዳዳው ሦስት ቦታ ነበር። አብዲ ለጠፈለት፤ ማስቲሹ እስኪደርቅ ግን ጥቂት መቆየት ነበረበት። ደሳሳው ውስጥ ጋደም በል ቢለው ቆርቆሮው ያቃጥላል ብሎ እምቢ አለ። አሸዋው መሐል ላይ ሠራተኞች የሚያርፉበት አንድ ግራር ነበር። እዚያ ጥላ ሥር ትንሽ ዓይኔን ላሳርፍ ብሎ ወረደ። ማስቲሹ ከደረቀም በኋላ አብዲ ደክሞታል ብሎ አልቀሰቀሰውም።

አብዲ የጎርፉን ድምፅ ሲሰማ እየጮኸ ወደ ዛፉ ሮጧል። ሲደርስ ውሃው ቀድሞታል፤ ግራሩ ራሱ አልነበረም። ነቅቶ በወዲያ በኩል ወጥቶ እንደሆነ ብሎ ተስፋ አደረገ። እኛ ዳር ላይ ስንመጣ መንፊያውን ያነሣው ሊጠይቀን ነው። ደረሰላችሁ ወይ ማለቱ ነው። እኔ ዘለልኩ፣ ወደ ቤት ጠቆምኩ። እሱም አላህን አመስግኖ ሥራው ላይ ተቀመጠ።

አሸዋ የሚጭን አንድ ሽማግሌ ከጎርፉ በፊት በዚያ ሲያልፍ አይቶታል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ድብን ብሎ ተኝቶ ነበር አለ። የደከመው ሰው ነው ብዬ እንዳልቀሰቅሰው ዳር ዳር ብዬ አለፍኩ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው በታች ተገኘ። ስለዚያ አልጽፍም።

ለቅሶው ላይ ሰው ብዙ ተናገረ። አብዲን የሚወቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ፤ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። ሸሚዙ ሥር የያዘውን ነገር በክንዱ ደግፎታል። እናቴ አየችው። ተነሥታ እጁን ይዛ፣ ወደ ድንኳኑ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቤት አስገባችው። እኔም ተከተልኩ። ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«ያን ዕለት ያንን ስታነሣ ምን እያልከን ነበር?» አለችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

«እማማ፣ ደረሰ ወይ ነበር ያልኩት።»

«እኛ አለ ያልከን መሰለን።»

«እኔም እጃችሁን ሳይ አለ ያላችሁኝ መሰለኝ።»

ራሷን ነቀነቀች። ደጅ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እሷ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እስከ አርባው ድረስ ከሹክሹክታ በላይ ተናግራ አታውቅም፤ ብስክሌቱ ተሰቅሎ ነበርና። አብዲ መንፊያውን አውጥቶ ሰጣት። አልተቀበለችውም። «ቦታው ያ ነው» ብላ የእርሳሱን ቅርጽ አሳየችው። ሰቀለው። ልክ ገባ። የውስጥ ጎማውንም እዚያው ቆሞ በፊተኛው ቸርኬ መለሰው፤ ነፋው፤ በጣቱ ጫን ብሎ አየው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሦስቱ ልጣፎች እስከ ዛሬ አየር አላሳለፉም።

ከአርባው በኋላ ትምህርቴን ተውኩ። ባቡር መጠገኛው ውስጥ ተቀጠርኩ፤ መጀመሪያ ቀን፣ አሁን ሌሊት። ሥራ የጀመርኩ ዕለት እናቴ ራሷ «አውርደው» አለችኝ። መንጠቆዎቹ በጋሽዬ ቁመት የተተከሉ ናቸው፤ እኔ በርጩማ ላይ መቆም ነበረብኝ። እሷ በርጩማውን ያዘችልኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ለምክር የበቃሁ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በየቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አለ። አንዱ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሌላው ባርኔጣውን ይሰቅላል፤ እኛም ያንን አይተን ሰውየው አለ ብለን እናርፋለን። ዕቃው መኖሩ ግን የዕቃውን መኖር ብቻ ነው የሚናገረው። ገብታችሁ እዩት። ቢነቃ ይነጫነጫል፣ ምን ይሆናል? ሽማግሌውም ቢቀሰቅሰው ጋሽዬ ያጉረመርም ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። ጎርፉ ግን ጋሽዬ ቤት አለመኖሩን አስቀድመን ብናውቅም ያው ይመጣ ነበር፤ ይህንን ለእናቴ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። ትሰማኛለች። የምታምነኝ አይመስለኝም።

አሁን ጠዋት ከሥራ እገባለሁ። ብስክሌቱን እሰቅላለሁ፤ ዕቃዎቹን በየቅርጻቸው እመልሳለሁ። ሐሊማ ዛሬም አንገቷን አስግጋ ግድግዳውን አይታ ሙቀጫዋን ወደ ጓሮ ትወስዳለች። እኔ መጋረጃውን አልፌ ጋሽዬ አልጋ ላይ እጋደማለሁ። እናቴ ግን ብስክሌቱን አይታ አትቆምም። በባዶ እግሯ ትመጣለች፤ መጋረጃውን ገለጥ ታደርጋለች፤ ፊቴን ታያለች፤ ትመልሰዋለች። አንዳንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትመጣለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ምንም ብደክም፣ መጀመሪያ መጋረጃው ካልተገለጠ እንቅልፍ አይወስደኝም።